የሐሙሷ እንኳየሁ

ሲስተር ይርገዱን ቁጡ ነሽ ያላላት ሰው ጎንደር ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። እሷም ትሰማለች፤ አትክድም። «ከእናንተ ጋር እየዋለ የማይቆጣ ሰው ካለ ወይ ጻድቅ ነው ወይ ጆሮ የለውም» ትላለች። አሥራ አራት ዓመት በአዋላጅ ነርስነት ስትሠራ፣ አንድን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ተናግራ የተደመጠችበት ቀን ትዝ አይላትም። የደም ማነስ ኪኒን ስትሰጣቸው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይወስዱና ለክፉ ቀን ያስቀምጡታል። እርጉዝ ከባድ አታንሣ ስትላቸው «እሺ፣ እግዜር ይስጥልን» ብለው፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ያቆሙትን እንስራ አዝለው ይሄዳሉ። ስንት ወርሽ ነው ብላ ስትጠይቅ ወደ ሰማይ አንጋጠው «እሱ ያውቃል» ይሏታል።

«እሱ ማወቁን እኔም አውቃለሁ! ካርዱ ላይ የምጽፈው ግን እኔ ነኝ!» ብላ ትጮኻለች። እነሱ ይስቃሉ።

በ1976 ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ መላ መጣላት። እርጉዞቹን አንድ በአንድ እየጠራች ያንኑ ቃል ሠላሳ ጊዜ ከምትደግም፣ ለምን ሰብስባ ባንድ ላይ አታስተምራቸውም? ሆዳቸውን እርስ በርሳቸው ይለካካሉ፤ አንዷ ያፈረችበትን ሌላዋ ትጠይቃለች፤ አንዷ ስትፈራ ሌላዋ ታደፋፍራለች። የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ አሥራ ሁለት ወጣቶች መረጠች። ጤና ጣቢያው ጠባብ ስለሆነ የቀበሌውን አዳራሽ ለመጠየቅ ወደ ሊቀመንበሩ ወደ ጓድ ታከለ ሄደች። ጓድ ታከለም ደስ ብሎት ፈቀደ፤ ግን የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ተብሎ ይመዝገብ አለ። ሐሙስ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ስም ይጠራል፤ ያልተገኘች ከቀበሌው ሱቅ ስኳር የላትም።

ይርገዱ ይህን ስትሰማ መቃወም ነበረባት። እሷ ግን ቢያንስ በስኳር ሰበብ ይመጡልኛል ብላ ተስማማች። የቀበሌ ስብሰባ እንዴት እንደሚሄድ የማታውቅ ሴት አይደለችም እኮ። አባት ካልተመቸው ልጅ ይላካል፤ ልጅ ከታመመ አክስት ትላካለች፤ የላኪው ስም ሲጠራ የተላከው «አቤት!» ይላል፤ አንድ ሰው ከየቤቱ እስከተገኘ ድረስ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ለቅሶም እንደዚያው ነው፣ ዕድርም እንደዚያው። አገሩ በሙሉ በዚህ ልማድ ሲኖር እሷ ብቻ ስም ተጠርቶ «አቤት» ሲባል፣ ያለችው ሴት ያችው ሴት ናት ብላ አመነች።

ከአሥራ ሁለቱ መካከል የዓይኗ ማረፊያ እንኳየሁ የምትባለው ነበረች። የዲያቆን ኃይለ ማርያም ሚስት፣ ካርዷ እንደሚለው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ቀጠን ያለች፣ እርጋታዋ የአርባ ዓመት ሴት። ሌሎቹ የልጅ ልብ ምት የሚደመጥበትን የእንጨት ቀንድ ሲያዩ ሲንጫጩ፣ እሷ ቀልጠፍ ብላ ሆዷን ገልጣ ትተኛለች። ምጥ እንዴት እንደሚጀምር ሲነገር ሌሎቹ ፊታቸውን በነጠላ ሲሸፍኑ፣ እሷ ዝም ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። የሚነገረውን ሁሉ ቃል በቃል ትይዛለች። ይርገዱም ሌሎቹን በእሷ ትወቅሳቸው ነበር። «ምናለ እንደ እንኳየሁ ብትሆኑ!» ትላቸዋለች።

አንድ ነገር ግን ነበረ። ሁለተኛው ሐሙስ ላይ ይርገዱ የእንኳየሁን ሆድ ስትዳስስ እጇ ቆም አለ። የመጀመሪያ እርግዝና ሆድ እንደ ከበሮ የተወጠረ ነው። የዚህች ለስለስ ያለ ነው፤ ከእምብርቷ በታች ደግሞ የከረመ ነጭ ሸንተረር አለ። ይህች ሴት ከዚህ በፊት ወልዳለች። አሥራ አራት ዓመት የዳሰሰ እጅ በዚህ አይሳሳትም።

ይርገዱ ወዲያው ነገሩን በልቧ ተረጎመችው። ዲያቆን ድንግል ካላገባ ቅስና የለውም። ይህች ምስኪን ልጅ ከጋብቻዋ በፊት አንድ ቦታ ወልዳ፣ ልጁ ሞቶ ወይ ለሰው ተሰጥቶ፣ በተክሊል ተዳረች ማለት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንድ ቃል ቢያመልጣት ትዳሩም ይፈርሳል፣ ቅስናውም ይቀራል። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አለች። ካርዱ ላይ «የመጀመሪያ እርግዝና» ብላ ጻፈችና ልጅቷን ዓይን ዓይኗን አይታ ፈገግ አለችላት። ልጅቷም ፈገግ አለች። ያን ቀን ይርገዱ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ እኔም ስፈልግ እኮ ዝም ማለት እችላለሁ እያለች በራሷ ኮራች።

ዐቢይ ጾም ገባ። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ እንኳየሁ ከሌሎቹ ቀድማ መጥታ «ሲስተር፣ ራሴን ይፈልጠኛል። ዓይኔም ብዥ ይልብኛል» አለች። ይርገዱ ደነገጠች። እጅጌዋን ሰብስባ የደም ግፊቷን ለካች፤ መቶ አሥር በሰባ። ደግማ ለካች፤ መቶ አሥር በሰባ። እግሯን በአውራ ጣቷ ተጫነች፤ እብጠት የለም።

«አንቺ ልጅ፣ ትጾሚያለሽ አይደል?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው እንጅ...»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት! እርጉዝ አትጾምም ብዬ ስንት ጊዜ ልናገር? ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ እሱም ይኸንኑ ይልሻል። ምንም አይደለሽም። ሂጂና ብዪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ተኚ።»

«ምንም አይደለሽም» አለች እንኳየሁ ቃሉን እንዳትረሳው ይመስል እየደገመች። ከዚያ ሄደች።

በሚቀጥለው ሐሙስ የትምህርቱ ርዕስ ጨብጥና ቂጥኝ ነበር። ጓድ ታከለ ስም ጠርቶ፣ አሥራ ሁለቱም «አቤት» ብለው፣ እሱም ርዕሱን ሲሰማ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ይርገዱ በሽታው ከባል ወደ ሚስት፣ ከሚስት ወደ ጽንስ እንዴት እንደሚሻገር እየነገረቻቸው ነው። መናገር የማይደክማት እቴነሽ እጇን አወጣች። ባሏ ወታደር ነው፤ እሷ ፒያሳ ሻይ ቤት ታስተናግዳለች።

«ሲስተር፣ እኔስ መርፌዬን ተወጋሁ። እሱ ግን ወንድ ልጅ በእንዲህ ያለ ነገር ጤና ጣቢያ አይሄድም ይላል። ሲመጣ እንደገና ያመጣልኛል። ወንዱን ሰብስቦ የሚያስተምረው ማነው?»

«ማንም» አለች ይርገዱ። ይኸው ነው የሚያንገበግባት፤ በሽታውን የሚያመጣው ሌላ፣ አግዳሚ ላይ ተሰብስባ ተግሣጽ የምትሰማው ሌላ። «አምጪው፤ እምቢ ካለሽ ንገሪኝ፤ ቤታችሁ ድረስ መጥቼ እወጋዋለሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ። በሳቁ መካከል እንኳየሁ ተነሣች።

«ሲስተር፣ ዛሬስ ጭራሽ አላይም።»

ይርገዱ ዞር ብላ አየቻት። «ምን አልሽ?»

«ዓይኔ ጨለመ። ከጧት ጀምሮ አላይም።»

«አታዪም! ታዲያ ያንን ሁሉ አግዳሚ ወንበር ማን መርቶ አሻግሮሽ ነው እዚያ ጥግ የተቀመጥሽው? እኔ ላይ ቀልድ ጀመርሽ?» ሴቶቹ አሁንም ሳቁ። እንኳየሁ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች።

«እኔ አይደለሁም» አለች።

«ምኑ ነው አንቺ ያልሆንሽው?»

«እንኳየሁ አይደለሁም። ብርቄ ነኝ፣ የባሏ እኅት። እሷ ቤት ናት። ዓይኗ ጠፍቷል።»

ይርገዱ ጠመኔውን እንደያዘች ቆመች። ብርቄ እንባዋን እየዋጠች ነገሩን አንድ በአንድ ዘረገፈችው። የብርቄ ባል ዘምቶ ስለሄደ እናቷ ቤት ተመልሳለች፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ ሦስተኛዋን አርግዛለች። የወንድሟ ሚስት እንኳየሁም በዚያው ጊዜ አረገዘች። የቀበሌው ጥሪ ሲመጣ እናቷ ወይዘሮ ለተ ማርያም አሰበች። በኵር ያረገዘች ሴት ለሰው ዓይን አትወጣም። የዲያቆን ሚስት ደግሞ አዳራሽ ተቀምጣ የጨብጥ ወሬ ስትሰማ አትውልም። ስኳሩም አይቅር። «ከየቤቱ አንድ ሰው ነው የሚሉት። አንችም እርጉዝ፣ እሷም እርጉዝ። ሂጅላት» አለቻት።

«ባለፈው ሐሙስስ?» አለች ይርገዱ። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር፤ እንደዚያ ዝቅ ሲል ሰምተውት አያውቁም። «ያ ራስ ምታት የማን ነው?»

«የእሷ። ንገሪልኝ ብላኝ ነው የነገርሁሽ። አንች የኔን ክንድ ለካሽና ምንም አይደለሽም አልሽ። እኔም ቤት ገብቼ ምንም አይደለሽም ብላለች አልኋት።»

ይርገዱ በሕይወቷ ሰው መትታ አታውቅም፤ ያን ጊዜ ግን እጇ ተነሥቶ ነበር። ማንን እንደምትመታ ግን ጠፋት። ብርቄን? የላከቻትን እናቷን? ስም የሚጠራውን ታከለን? ወይስ ይህን ሆድ በሁለተኛው ሳምንት ዳስሳ፣ ይህች የመጀመሪያዋ አይደለም ብሎ የገዛ እጇ ነግሯት፣ እውነቱን አፍና የማይገባት ቦታ ጨዋ የሆነችውን ራሷን? በዕድሜዋ ሙሉ ያልጠየቀችው ጥያቄ፣ ያልጮኸችበት ነገር የለም። አንድ ቀን ብቻ ዝም አለች፤ እሱም ይህን አመጣ።

«ተነሽ!» ብላ ጮኸች። «ምሪኝ!»

መለኪያዋን በቦርሳዋ ከታ ከአዳራሹ ወጣች። ጥቂት ከሄደች በኋላ ከበስተኋላዋ ኮቴ ሰማች። አሥራ አንዱም ሆዳቸውን ደግፈው እየተከተሏት ነው።

«እናንተ ወዴት? ተመለሱ! ይኼ ሠርግ ነው?» አለች። ማንም አልተመለሰም። የሴቶች ነገር እንዲህ ነው፤ ቅሩ ሲሏቸው ይመጣሉ፣ ኑ ሲሏቸው ይቀራሉ።

ቤቱ ከደብሩ ቅጥር ሥር ነው። ወይዘሮ ለተ ማርያም ደጅ ላይ ጥጥ እየፈተለች ነበር። ነርሷን ከነተከታዮቿ ስታይ እንዝርቷን አስቀምጣ በሩን በአካሏ ዘጋች።

«ምነው ልጄ? በደኅና ነው?»

«እንኳየሁን ላያት ነው የመጣሁት።»

«እንኳየሁማ ከእናንተው ጋር...» ብላ ጀምራ፣ ከኋላ የቆመችውን ብርቄን ስታይ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከዚያ ግን አላፈረችም። «ታዲያ ምን አጠፋሁ? አንድ ሰው ከየቤቱ አላላችሁም? አንድም ሐሙስ ሳላጓድል ልኬያለሁ። ለቅሶ እንኳ አንድ ሰው ከተላከ ይበቃል!»

«እትዬ ለተ ማርያም፣ ለቅሶ በተላከ ሰው ይለቀሳል። እርግዝና ግን በውክልና አይለካም! ዞር በይ!»

«አትጩሂ እባክሽ። ልጅቱ ሸጋ ሁናለች። ከመጣች ወዲህ ፊቷ ሞልቷል፣ ተመችቷታል። ነገ እናቷ ከእንፍራንዝ ትመጣለች። በኵር የሚወለደው በናት ቤት ነው። ትወስዳታለች።»

ይርገዱ በክንዷ ሥር አልፋ ገባች። ጓዳው ጨለማ ነው። እንኳየሁ ጠፍር አልጋ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ይርገዱ በሕይወቷ አይታት የማታውቅ ልጅ። ፊቷ በእርግጥ ሞልቷል፤ ዓይኖቿ እስኪጠቡ ድረስ ሞልቷል። የጣቷ ቀለበት በሥጋው ተውጧል። ይርገዱ ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ስትጫን የተጫነችበት ጎድጉዶ ቀረ። መለኪያውን ክንዷ ላይ አሰረች፤ መቶ ሰማንያ በመቶ ሃያ።

«ይኼ ነው የተመቻት?» ብላ ወደ በሩ ጮኸች። «ይኼ ውፍረት አይደለም፤ እብጠት ነው! አሁኑኑ ሆስፒታል ካልሄደች እሷም ልጁም ያልቃሉ!»

«ባሏ ሳይፈቅድ ከዚህ ቤት አትወጣም» አለች ለተ ማርያም።

«ባሏ የት ነው?»

«ቅዳሴ ገብቷል።»

«መቼ ነው የሚወጣው?»

«ሲያልቅ ነዋ።»

ይርገዱ ግራ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። የጾም ቅዳሴ እስከ ዘጠኝ፣ አንዳንዴም እስከ አሥር ሰዓት ይሄዳል። የሚቀድስ ዲያቆን ደግሞ ከመቅደስ ውጣ አይባልም። እሷ ይህን ስታሰላ አልጋው ሲንቀጠቀጥ ሰማች። እንኳየሁ ግትር ብላ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ መላ አካሏ እየተንዘፈዘፈ ነበር። ይርገዱ ወደ ጎን አዙራ ያዘቻት።

«ጠበል!» ብላ ጮኸች ለተ ማርያም። «ዓይን ነው! ይኸን ሁሉ ሴት አምጥተሽ አስበላሽብኝ! ጠበል አምጡ!»

«እማዬ፣ በቃሽ!» የብርቄ ድምፅ ነበር። «ዓይን አይደለም። አንች ላክሽኝ፣ እኔ ዋሸሁ። እሷ ምን አደረገች? ትሞትብናለች፤ ልቀቂያት!»

ለተ ማርያም ልጇን አየቻት፣ አልጋውን አየች። ከዚያ የበሩን መቃን ለቃ መሬት ላይ ተቀመጠች። እንኳየሁም ቀስ በቀስ ተፈታች፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

የሚሸከም ወንድ ግን በአካባቢው የለም። ግማሹ ቅዳሴ ነው፣ ግማሹ ቀበሌው ለልማት ሥራ አውጥቶታል። ከሴቶቹ አንዷ ጋሪ ፍለጋ ሄዳ ባዶዋን ተመለሰች። እቴነሽ የአልጋውን እግር ጨበጠች።

«ልቀቂ!» አለቻት ይርገዱ። «ሰባት ወርሽ ነው! ከባድ አታንሺ ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኩሽ?»

«ታዲያ ማን ያንሣ? አንች ብቻሽን?»

አራት ሆነው አነሡት። አልጋው ከነልጅቷ ከጓዳ ወጣ፣ ከግቢ ወጣ፣ መንገድ ገባ። መቶ እርምጃ ሲሄዱ ሌሎቹ አራት ይቀበላሉ፤ እንደገና ይለዋወጣሉ። ይርገዱ የእንኳየሁን ራስ ደግፋ እየሮጠች፣ አንዷን «ወገብሽን!»፣ ሌላዋን «ሆድሽን ተጠንቀቂ!»፣ ሁሉንም «ዕብዶች!» ትላለች። ሰባት ሳምንት ያስተማረችው ሁሉ ዓይኗ እያየ ሲፈርስ፣ አፍራሾቹን መሳም አማራት፤ ለመሳም ግን ጊዜ አልነበረም። ለተ ማርያም ከጎን ከጎን እየተጣደፈች የእንኳየሁን ፊት ከሰው ዓይን ለመሰወር ነጠላዋን ትጥልባታለች። ይርገዱ እንድትተነፍስ ትገልጥላታለች። ለተ ማርያም መልሳ ታለብሳለች። ይርገዱ ትገልጣለች።

ፒያሳ ሲደርሱ ካራምቡላ የሚጫወቱ ወንዶች በትራቸውን እንደያዙ ከቡና ቤቱ ብቅ አሉ። እርጉዞች አልጋ ተሸክመው ሲመጡ ያየ የለምና እዚያው ቆሙ።

«ምን ታያላችሁ? ሱሪው ለጌጥ ነው?» አለች እቴነሽ። ያን ጊዜ ነው በትሩን እየወረወሩ የሮጡት። ከዚያ ወዲያ አልጋው በወንዶች ትከሻ ሄደ።

ሆስፒታል የተቀበላቸው ዶክተር ደመቀ የሚባል ወጣት ሐኪም ነው። ካርዱን ከይርገዱ እጅ ተቀብሎ ገለጠ። «ባለፈው ሳምንት መቶ አሥር በሰባ ነበረች» አለ። «እብጠት የለም ይላል። ሰባቱም ሐሙስ ደኅና ናት። በሰባት ቀን እንዲህ...»

«ካርዱን ተወው» አለች ይርገዱ።

«እንዴት ልተወው? ፈርመሽበታል እኮ።»

«ፈርሜበታለሁ። የሌላ ሴት ልክ ነው። ይህችን ልጅ ዛሬ ነው ያየኋት። መቶ ሰማንያ በመቶ ሃያ፣ አንድ ጊዜ አንዘፍዝፏታል። ቀሪውን በኋላ ስደበኝ።»

ዶክተሩ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ካርዱን ጥሎ ተጣራ። እንኳየሁን እየገፉ ወሰዷት።

ዲያቆን ኃይለ ማርያም የደረሰው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ሆስፒታል ሮጦ። ሃያ አራት ዓመት የሞላው አይመስልም። እናቱንና እኅቱን አልፎ ይርገዱ ፊት ቆመ።

«ሐሙስ ሐሙስ ትመጣ ነበር አይደል?» አለ። «ማታ ምን ተማርሽ ስላት ሁሉን ትነግረኝ ነበር። ሕፃኑ በየወሩ እንዴት እንደሚያድግ ሳይቀር ነግራኛለች።»

ይርገዱ ወደ ብርቄ አየች። ብርቄ አቀረቀረች። ዲያቆኑ አንዷን አይቶ ሌላዋን አየ፤ ግድግዳ ሥር ሄዶ ዳዊቱን ገለጠ።

በቀዶ ጥገና አወለዷት። ሴት ልጅ ነበረች፤ አልተረፈችም። እናትየው ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሳታውቅ ቆይታ ቅዳሜ ከሰዓት ዓይኗን ገለጠች፤ ማየትም ጀመረች።

በዚህ መሃል ዓርብ ጧት ጓድ ታከለ ጤና ጣቢያ ድረስ መጣ። መጽናናቱን ይስጥ ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ ሲስተር፣ እኔ እኮ መቶ በመቶ ተገኝተዋል ብዬ ለበላይ አካል ሪፖርት አድርጌያለሁ። አሁን ይህ እንዴት ተብሎ ነው የሚጻፈው?» ይርገዱ የመለሰችለት መልስ እዚህ አይጻፍም። እሱም ከዚያ ወዲያ ስለ ሪፖርቱ አላነሣም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይርገዱ ሆስፒታል ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታሰናዳ ነበር። ለተ ማርያምን ለብቻ፣ ብርቄን ለብቻ፣ ዲያቆኑንም ሚስትህን ዓይን ዓይኗን እያየህ እንዴት አላወቅህም ብላ፤ ሁሉም የየድርሻውን ሊያገኝ ነው። እንኳየሁንም ቢሆን አትምራትም። አፍ አለሽ፣ እግር አለሽ፣ አንድ ሐሙስ ሾልከሽ ብትመጪ ምን ነበረበት? ልትላት ነው። ውስጧ የተቃጠለ ሰው የሚናገረው ሲያጣ ይብሳል፤ ስለዚህ አዘጋጀች።

ክፍሉ ስትገባ ግን እንኳየሁ ብቻዋን ነበረች። እብጠቱ ቀንሷል። ከሥሩ የወጣው ፊት የትንሽ ልጅ ፊት ነው፤ ጉንጯ ላይ የትራሱ መስመር አለ። የልጇን ሞት ነግረዋታል፤ አልቅሳ ጨርሳለች፤ ጡቷ ግን ወተት አግቶ ቀሚሷን አርሶታል። ይርገዱ ወንበር ስባ ተቀመጠችና መለኪያውን አወጣች። እንኳየሁ እያየቻት ክንዷን ሰጠች።

«አንች ደግሞ ማነሽ?» አለች።

«ይርገዱ።»

እንኳየሁ ትንሽ አሰበች። «የሐሙሷ ሲስተር?»

«አዎ።»

«ብርቄ ሁሉን ትነግረኝ ነበር። ሐሙስ ሲመሽ እዚያች ጓዳ ትገባና እንደ አንች እየተቆጣች ታስተምረኛለች። ስለ ኪኒኑ ስትቆጭ፣ ስለ እንስራው ስትቆጭ፤ ሆዴን እስኪያመኝ ያስቀኛል።» ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ስፌቱ ሳይስባት አልቀረም፣ ተወችው። «ሳላይሽ ወደድሁሽ። የማትፈራው ሰው የለም፣ ከየሰው ቤት እየገባች ትጮኻለች ትለኝ ነበር። እኔም በየቀኑ የውጭውን በር አዳምጥ ነበር።»

ይርገዱ የመለኪያውን አየር እየለቀቀች ነው። ቁጥሩን ማየት አልቻለችም፤ እንደገና ነፋችው።

«ምነው እኛ ቤት መጥተሽ አልተቆጣሽ?» አለች እንኳየሁ።